አዋጁ ሲያበቃ ምን ይቀራል? የወሎ አንባቢያን ስለ አስቸኳይ ጊዜና ስለ መከላከያ ሕግ የላኳቸው ጥያቄዎች

በዚህ ዓምድ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ውርስና ስለ ብድር የሚቀርቡ ጥያቄዎችን ስንመልስ ቆይተናል። ሰሞኑን ከደሴ፣ ከወልድያ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወረኢሉና ከሐይቅ የደረሱን ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነበሉ በመሆናቸው፣ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣንና ለመከላከያ ሕግ ሰጥተነዋል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በክልላችን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜው ካበቃ ቆይቷል ይባላል። ነገር ግን ሰው አሁንም «ኮማንድ ፖስቱ ከልክሏል»፣ «ኮማንድ ፖስቱ ፈቅዷል» እያለ ይነጋገራል። ባጃጅ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ አይንቀሳቀስም፤ ኬላ ላይ መታወቂያ ያላሳየ ሰውም ተይዞ ያድራል። አዋጁ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚሠራው በየትኛው ሕግ ነው?

መልስ፦ መምህር፣ አስቀድመን ቀኖቹን እናስቀምጥ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁን ያወጣው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዕረፍት ላይ ስለነበረ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በሚፈቅደው የ15 ቀን ገደብ ውስጥ፣ ነሐሴ 8 ቀን ለዚሁ ተጠርቶ አጸደቀው። ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊቀርብለት ይገባ ነበር። የመጀመሪያው ስድስት ወር ሊያልቅ ሲል፣ ጥር 24 ቀን 2016፣ ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ማራዘሚያ ስላልጸደቀ በግንቦት 2016 መጨረሻ ጊዜው አብቅቷል።

ይህ ማለት በአዋጁ ላይ ብቻ የቆመ ማንኛውም መመሪያ፣ ክልከላና የእስር ትእዛዝ ከአዋጁ ጋር አብሮ አብቅቷል ማለት ነው። ኮማንድ ፖስት የሚባለው አካል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም። እያንዳንዱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚያቋቁመው ጊዜያዊ አካል በመሆኑ፣ ከአዋጁ ዕድሜ የተረፈ ሥልጣን ሊኖረው አይችልም። ዛሬ በዚያ ስም ትእዛዝ የሚሰጥ ኃላፊ ካለ፣ ሥልጣኑን ከሌላ ሕግ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ሌላው ሕግ ምንድን ነው ለሚለው፣ የመከላከያ ሠራዊት በክልሉ መገኘት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14 ሊደገፍ ይችላል፤ የክልል መስተዳድር የጸጥታ መደፍረስ ከአቅሙ በላይ ሲሆን በሚያቀርበው ጥያቄ መሠረት የፌዴራል መንግሥት ሠራዊቱን ሊያሰማራ እንደሚችል ይህ ድንጋጌ ይፈቅዳልና። ድንጋጌው ግን ሠራዊት ለማሰማራት እንጂ መብት ለማገድ የተሰጠ ሥልጣን አይደለም። በዚህ መሠረት የመጣ ሠራዊት የሚሠራው በመደበኛው ሕግ ማዕቀፍ ውስጥ ነው። ባጃጅን በተመለከተ ክርክሩ ይከብዳል፤ የከተማ አስተዳደር የትራፊክ እንቅስቃሴን የመቆጣጠር ሥልጣን ስላለው የሰዓት ገደቡን በዚያ ሊያስረዳ ይችላል። እግረኛውን ሁሉ ሌሊት ከቤቱ እንዳይወጣ የሚያግድ አጠቃላይ የሰዓት እላፊ ግን አንቀጽ 32 ካረጋገጠው የመዘዋወር ነፃነት ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ነውና፣ ግልጽ የሕግ መሠረት ሳይኖረው በማስታወቂያ ብቻ ሊጸና አይገባም።

ኬላ ላይ ስለሚያዘው ሰው ሕጉ የማያሻማ ነው። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ምክንያታዊ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ ቢጠይቅ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 መሠረት በእያንዳንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድለትም። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ የቆየ ሰው ካለ ቤተሰቡ ወይም ጠበቃው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 177 መሠረት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው ሰው ያሰረው አካል ታሳሪውን ይዞ እንዲቀርብና የያዘበትን ሕጋዊ ምክንያት እንዲያስረዳ የሚያስገድድ በመሆኑ፣ የእስሩ መሠረት ያበቃ አዋጅ ከሆነ የሚጋለጠው እዚያው ችሎት ላይ ነው። ትእዛዙ ሁልጊዜ ይከበራል ብለን አንጽፍም፤ መዝገብ የተከፈተለት እስር ግን መዝገብ ከሌለው እስር ይልቅ ለመካድ ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ከወልድያ የምጽፍ የሕግ ተማሪ ነኝ። በሕይወት የመኖር መብት በአስቸኳይ ጊዜ ከማይነኩት መብቶች ዝርዝር ውስጥ የለም ሲባል ሰምቼ ማመን አቃተኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አያልቅም።

አንቀጽ 93 በግልጽ የማይታገዱ ብሎ የዘረዘራቸው አንቀጽ 1፣ አንቀጽ 18፣ አንቀጽ 25 እና የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 ናቸው። በቅደም ተከተል የመንግሥቱን ስያሜና ቅርጽ፣ ኢሰብአዊ አያያዝና የግዳጅ ሥራ መከልከሉን፣ የእኩልነት መብትን፣ እንዲሁም የብሔር ብሔረሰቦችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እስከ መገንጠል ድረስና የቋንቋና የባህል መብታቸውን ይመለከታሉ። ስለዚህ በዝርዝሩ መሠረት የመገንጠል መብት በአስቸኳይ ጊዜ አይነካም፤ በሕይወት የመኖር መብት ግን ስሙ የለም። በእኔ እምነት ይህ የሕገ መንግሥቱ ደካማ ከሆኑት ስፍራዎች አንዱ ነው፤ የአርቃቂዎቹን የዘመኑን ትኩረት ያሳያል እንጂ የመብቶቹን ክብደት አያሳይም።

ይሁን እንጂ ዝርዝሩን ብቻ ይዞ «የተቀረው ሁሉ ሊታገድ ይችላል» ማለት ስሕተት ነው። ያው አንቀጽ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚሰጠው ሥልጣን «የፖለቲካና የዲሞክራሲ መብቶችን» አስፈላጊ በሆነው መጠን እስከ ማገድ የሚደርስ ነው። የሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት ደግሞ በሁለት ክፍል የተከፈለ ነው፤ ከአንቀጽ 14 እስከ 28 ያሉት «ሰብአዊ መብቶች»፣ ከ29 እስከ 44 ያሉት «ዲሞክራሲያዊ መብቶች» በሚል ርእስ ሥር ተቀምጠዋል። በሕይወት የመኖር፣ የአካል ደኅንነት፣ የነፃነትና የተያዙ ሰዎች መብት ያሉት በመጀመሪያው ክፍል ነው። በዚህ አነባበብ የማገድ ሥልጣኑ ሁለተኛውን ክፍል አልፎ አይሄድም። ተቃራኒው ወገን «ታዲያ ሁለቱም ከመጀመሪያው ክፍል የሆኑትን አንቀጽ 18ን እና 25ን ለይቶ መጥቀስ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሚዛኑን የሚደፋው ግን አገራችን በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ነው ብዬ አምናለሁ። የዚህ ቃል ኪዳን አንቀጽ 4 በሕይወት የመኖር መብትን፣ ከማሰቃየትና ከባርነት የመጠበቅን፣ ሲፈጸም ወንጀል ባልነበረ ድርጊት ያለመቀጣትን፣ የሕሊናና የሃይማኖት ነፃነትን በማንኛውም የአደጋ ጊዜ ሊነኩ አይችሉም ይላል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 13 ደግሞ የመብት ድንጋጌዎች ከእነዚህ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። አንቀጽ 28ም አለ፤ ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርንና ማሰቃየትን በይርጋም (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ አልፏል በሚል) ሆነ በምሕረት የማይታለፉ አድርጓቸዋል። አንድ መብት ታግዶ ነበር ተብሎ በይርጋ የማይታለፍ ወንጀል ሕጋዊ ሊሆን አይችልም።

ለጥናትዎ እንዲረዳዎ የደቡብ አፍሪካን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ያንብቡ። የመጀመሪያው አዋጅ የሚጸናው ለ21 ቀን ብቻ ነው፤ ማራዘሚያው በአንድ ጊዜ ከሦስት ወር አይበልጥም፤ ከመጀመሪያው ማራዘሚያ በኋላ የሚቀርብ ሌላ ማራዘሚያ 60 በመቶ ድምፅ ይፈልጋል። በአስቸኳይ ጊዜ የታሰረ ሰው ስሙና የታሰረበት ቦታ በአምስት ቀን ውስጥ በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል፤ እስሩንም ፍርድ ቤት ቢዘገይ በአሥር ቀን ውስጥ ይመረምረዋል። የአዋጁን ሕጋዊነት ራሱን ፍርድ ቤት ሊመረምር ይችላል። በኬንያም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአዋጁን ተቀባይነት የመወሰን ሥልጣን አለው። በእኛ ዘንድ ሰባት አባላት ያሉት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አፈጻጸም መርማሪ ቦርድ አለ፤ የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ይፋ ማድረግና የታሰሩበትን ምክንያት መግለጽ ግዴታው ነው። አምስት ቀንና አንድ ወር ልዩነታቸው የቀን ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የጭነት ሥራ የምሠራ ባለ አይሱዙ ነኝ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በተቃረበ ጊዜ መኪናዬን «ለግዳጅ ይፈለጋል» ብለው ወሰዱት። እምቢ አላልኩም፤ አገር ሲወረር እምቢ አይባልም። የተመለሰልኝ ከወራት በኋላ ሞተሩ ከጥቅም ውጪ ሆኖ ነው። ርክክብ አልተጻፈልኝም፤ ደረሰኝም የለኝም። ካሣ የሚጠየቀው የት ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የእርስዎን ዓይነት ጥያቄ የላኩልን ብዙዎች ናቸው፤ የሕጉ መልስ እንደ ጥያቄው ንጹሕ ቢሆን በወደድን ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል። ይህን የሚያስፈጽሙት ዝርዝር ሕጎቻችን ግን በዋናነት የተጻፉት ስለ መሬት ይዞታ ነው። በጦርነት ወይም በአስቸኳይ ጊዜ ተሽከርካሪ፣ ነዳጅ፣ መጋዘን ወይም የግል ክሊኒክ ለጊዜው ሲወሰድ ማን ያዛል፣ በምን ቅጽ ይረከባል፣ በምን ዋጋ ይተመናል የሚለውን የሚወስን አንድ ወጥ ሕግ የለንም። አደጋው ሲመጣ የሚደረገው ሁሉ በአካባቢው ኃላፊ ቅንነትና ብልሃት ላይ የተንጠለጠለ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚቀረው መንገድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። በቁጥር 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ በፈጸመው ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ተጎጂው ከመንግሥትም ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። እንቅፋቱ በቁጥር 2143 የተቀመጠው ይርጋ ነው፤ ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። የእርስዎ ሁለት ዓመት ያለቀው በ2016 ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ክልሉ በሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር። አንድ የአስቸኳይ ጊዜ ያደረሰው ጉዳት የሚጠየቅበት ጊዜ በሌላ የአስቸኳይ ጊዜ ውስጥ ማለቁ፣ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች በ1952 ሊያስቡት የቻሉት ነገር አልነበረም።

ሆኖም በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ብለው አይመለሱ። የወሰደው አካል ወይም የበላዩ መሥሪያ ቤት ጥያቄዎን ያመነበት ደብዳቤ፣ የጻፈልዎት የድጋፍ ወረቀት ወይም ከፊል ክፍያ ካለ፣ ዕዳን ማመን ይርጋን ስለሚያቋርጥ ጊዜው ከዚያ ቀን እንደ አዲስ ይቆጠራል። መኪናው የተሰጠው በኪራይ ስምምነት፣ በቃልም ቢሆን፣ ከሆነ የውል ክስ ይርጋ አሥር ዓመት ነው። ይርጋን ተከሳሹ ካላነሳው በቀር ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሳውም። ስለዚህ አብረውዎት የነበሩ ሾፌሮችንና ረዳቶችን ምስክርነት፣ የጋራዡን የጥገና ሰነድ፣ ያን ሰሞን ያቀረቡትን የግብር ወይም የኢንሹራንስ ማስረጃ ሰብስበው ጠበቃ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ እኔ ከወረኢሉ ወረዳ ነኝ፤ ይህን የጻፈልኝ የጎረቤት ልጅ ነው። ልጄ ገና 17 ዓመቱ ነው። ከገበያ ሲመለስ ያዙትና «ለሥልጠና ትሄዳለህ» አሉት፤ ዘመድ ተሯሩጦ አስለቀቀው። አሁንም እፈራለሁ። ሕጉ ልጅን እንዲህ አድርጎ መውሰድ ይፈቅዳል ወይ?

መልስ፦ እናታችን፣ አይፈቅድም። ዕድሜው ብቻ በቂ ነው፤ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ለጦርነት መመልመል በወንጀል ሕጉ ቁጥር 270 ሥር በጦር ወንጀልነት የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው። የልደት ወይም የክርስትና ምስክር ወረቀቱን፣ የትምህርት ቤት ካርዱን፣ የቀበሌ መታወቂያ ካለው እሱንም ቅጂ አድርገው ያስቀምጡ። ቅጂው አንድ በእጅዎ፣ አንድ በታመነ ዘመድ ዘንድ ይሁን።

18 ዓመት የሞላውስ ቢሆን? በአሁኑ የመከላከያ ሕግ ወደ ሠራዊቱ መግባት በፈቃደኝነት ነው። ወላጆቻችን የሚያስታውሱት ብሔራዊ ውትድርና በአዋጅ ቁጥር 238/1975 የመጣ ነበር፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ያስገድድ ነበር፤ ያ ሥርዓት ዛሬ የለም። የአሁኑ ሕገ መንግሥት የግዳጅ ሥራን በአንቀጽ 18 ይከለክላል፤ ይህ አንቀጽ ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜም አይታገድም። እርግጥ ያው አንቀጽ ከግዳጅ ሥራ ትርጉም ከሚያወጣቸው ነገሮች ሁለቱ ከዚህ ጋር ይያያዛሉ፤ አንደኛው ሕሊናቸው የማይፈቅድላቸው ሰዎች በግዳጅ ውትድርና ምትክ የሚሰጡት አገልግሎት ነው፤ ሁለተኛው የማኅበረሰቡን ሕይወት በሚያሰጋ አደጋ ጊዜ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ከዚህ በመነሳት የወደፊቱ ሕግ አውጪ ብሔራዊ ውትድርናን እንደገና ሊደነግግ ይችላል ብለው የሚከራከሩ አሉ። ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን፣ የአገልግሎቱን ርዝመት፣ የሚታለፉትን ሰዎችና የይግባኙን መንገድ የሚወስን አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ እስካልወጣ ድረስ ግን ወጣትን ከገበያ ማፈስ ምልመላ አይደለም፤ ያለ አግባብ መያዝ ነው።

ጥያቄ፦ በወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። በአውሮፓና በእስያ ብዙ አገሮች የአስቸኳይ ጊዜና የመከላከያ ሕጎቻቸውን አዳዲስ ከሚሏቸው ስጋቶች አንጻር እያሻሻሉ ነው። የሳይበር ጥቃት፣ ድሮን፣ የሐሰት መረጃ፣ በመሠረተ ልማት ላይ የሚፈጸም ሻጥር፣ እነዚህ ሁሉ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች አእምሮ ውስጥ አልነበሩም። የእኛስ ሕግ መሻሻል የለበትም? መንግሥትን የበለጠ ሥልጣን በመስጠት ወይስ በመገደብ?

መልስ፦ መሻሻል አለበት። ምርጫው በመስጠትና በመገደብ መካከል ነው በሚለው ግን አልስማማም፤ የእኛ ችግር የሥልጣን ማነስ ሆኖ አያውቅም።

ከውጭ ምሳሌዎች ሦስቱን ብቻ ላንሳ። ፊንላንድ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2022 ስታሻሽል፣ ጦርነት ሳይታወጅ በመሠረተ ልማት፣ በድንበርና በመረጃ መረብ ላይ የሚፈጸሙ ቅይጥ ጥቃቶችን በአስቸኳይ ሁኔታ ትርጉም ውስጥ አስገብታለች። በ2024 ደግሞ ስደተኞች እንደ ጫና መሣሪያ ሆነው ወደ ድንበሯ ሲገፉ የጥገኝነት ማመልከቻን ለመገደብ የሚያስችል ሕግ አወጣች፤ የሕገ መንግሥቱን መብት ስለሚነካ የአምስት ስድስተኛ ድምፅ ተጠይቆበት በ167 ለ31 አለፈ፣ የጊዜ ገደቡም መጀመሪያ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ሕጉን አጥብቀው የተቹት የሕግ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ትችታቸውም የሚያሳምን ነው። ቢሆንም ክርክሩ የተካሄደው በምክር ቤት፣ ጽሑፉ በሁሉም እጅ እያለ ነበር። ጀርመን በበኩሏ የመከላከያ ሁኔታን የሚመለከቱትን የሕገ መንግሥት ድንጋጌዎች የጻፈችው እ.ኤ.አ. በ1968፣ በሰላም ጊዜ፣ ከብርቱ የአደባባይ ተቃውሞ ጋር ነው። ምክር ቤቱ መሰብሰብ ቢያቅተው 48 አባላት ያሉት የጋራ ኮሚቴ ይተካዋል፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሥራ ግን በምንም ሁኔታ አይሰናከልም። ድንጋጌዎቹ እስከ ዛሬ አንድ ጊዜም ሥራ ላይ አልዋሉም።

ሦስተኛዋ ደቡብ ኮሪያ ናት። ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 2024 ሌሊት የወታደራዊ አገዛዝ ሲያውጁ፣ ወታደሮች ወደ ምክር ቤቱ ግቢ በገቡበት ሰዓት 190 የምክር ቤት አባላት ተሰብስበው አዋጁ እንዲነሳ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 77 የምክር ቤቱ አብላጫ አባላት ከጠየቁ ፕሬዚዳንቱ አዋጁን ማንሳት አለባቸው ስለሚል፣ ሳይነጋ ተነሳ፤ በሚያዝያ 2025 ፕሬዚዳንቱ በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ ከሥልጣን ወረዱ። በእኛ አንቀጽ 93 ምክር ቤቱ አዋጁን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደሚያጸድቅና እንደሚያራዝም ተጽፏል፤ በመካከል በራሱ አነሳሽነት ሊያነሳው እንደሚችል ግን በግልጽ አልተጻፈም። በጥቅምት 2014 የታወጀው በየካቲት 8 ቀን፣ ስድስት ወሩ ሳይሞላ የተነሳው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ራሱ ሐሳቡን ስላቀረበ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። ከ2009 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት የፌዴራል መንግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስድስት ጊዜ አውጇል፤ በ2009፣ በ2010፣ ለኮሮና በ2012፣ ለትግራይ በ2013፣ ለመላው አገር በ2014፣ ለአማራ ክልል በ2015። እያንዳንዱ እንደ አዲስ የተጻፈ ነው። ማን እንደሚያዝ፣ ታሳሪ የት እንደሚመዘገብ፣ ንብረት እንዴት እንደሚወሰድ፣ ኢንተርኔት በማን ፊርማና ለስንት ጊዜ እንደሚዘጋ በየጊዜው በጥድፊያ ይወሰናል፤ ብዙው ለኮማንድ ፖስቱ መመሪያ ይተዋል። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ነጋዴው ሂሳቡን፣ ተማሪው ትምህርቱን፣ በሽተኛው ቀጠሮውን ያጣው በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ጠይቆ የሚያገኘው መልስ አልነበረም። ቤት መቃጠል ከጀመረ በኋላ የባልዲ ውል እንደመዋዋል ነው።

ስለዚህ የምመክረው ማሻሻያ በሁለት ጊዜ የሚሠራ ነው። አንቀጽ 93ን ራሱን መለወጥ፣ የማይነኩትን መብቶች ዝርዝር ማስፋት፣ ምክር ቤቱ አዋጅን የማንሳት ሥልጣን እንዳለው በግልጽ መጻፍ፣ የምርጫ ዘመን በአስቸኳይ ጊዜ ቢያልቅ ምን እንደሚሆን መወሰን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይጠይቃል። የመጨረሻው ክፍተት በ2012 ምርጫው ሲራዘም ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ትርጉም የወሰደን መሆኑ ይታወሳል። ማሻሻያው በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶችን ሁለት ሦስተኛ ስምምነት ይፈልጋል፤ በአንድ በጀት ዓመት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ለብሔራዊ ምክክሩ የሚመጥን አጀንዳ ነው።

ሌላው ግን ተራ አዋጅ ብቻ የሚፈልግ ነው። የፌዴራል መንግሥት በክልል ጣልቃ የሚገባበትን የአንቀጽ 62 ሥልጣን ለማስፈጸም ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 359/1995ን አውጥቷል፤ ለአንቀጽ 93 እንዲህ ያለ ቋሚ የማስፈጸሚያ ሕግ ያላወጣበት ምክንያት አይታየኝም። በዚህ ሕግ የኮማንድ ፖስት አደረጃጀትና ተጠያቂነት፣ ዕለታዊ የታሳሪዎች መዝገብና በቀናት የሚቆጠር የፍርድ ቤት ምርመራ፣ ለተወሰደ ንብረት በቅጽ የሚሰጥ የርክክብ ሰነድና አዋጁ ከተነሳበት ቀን የሚጀምር ይርጋ፣ የመገናኛ መረብ የሚዘጋበት ምክንያትና የጊዜ ጣሪያ፣ መርማሪ ቦርዱ ያለ ቀጠሮ ማንኛውንም ማቆያ የመግባት መብት ሊደነገጉ ይችላሉ። በተለይ የይርጋው ነገር እንዳይረሳ እፈልጋለሁ፤ ከላይ የኮምቦልቻውን ወንድማችንን ደብዳቤ ይመልከቱ።

ድሮንን በተመለከተ አዲስ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን አያስፈልግም። ሰላማዊውን ሰው ከተዋጊው የመለየት ግዴታ በመሣሪያው ዓይነት አይለወጥም፤ አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች የሚጋሩት አንቀጽ 3 እና አገራችን በ1986 የተቀበለችው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአገር ውስጥ ግጭትም ያስገድዱናል። የጎደለው ከጥቃት በኋላ የሚደረግ ምርመራን የሚያዝና ውጤቱን ይፋ የሚያደርግ ድንጋጌ በመከላከያ ሕጋችን ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ። ክልል በራሱ የአስቸኳይ ጊዜ ማወጅ ይችላል? ወረዳችን ክልከላ አውጥቶ የጣሰውን በገንዘብ እቀጣለሁ ብሏል።

መልስ፦ ክልል ማወጅ የሚችለው የተፈጥሮ አደጋ ወይም የሕዝብን ጤና የሚያሰጋ በሽታ ሲያጋጥም ብቻ ነው። የጸጥታ ጉዳይ ከሆነ ሥልጣኑ የፌዴራል ነው፤ በሐምሌ 27 ቀን 2015 የክልሉ መንግሥት ሁኔታው በመደበኛ ሕግ ማስከበር ከሚቻለው በላይ ሆኗል ብሎ የፌዴራሉን መንግሥት የጠየቀውም፣ በማግስቱ አዋጁ የወጣውም ለዚህ ነው። ወረዳ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ፈጽሞ የለውም። ቅጣት ከተጠየቁ ቅጣቱን የደነገገውን የክልል አዋጅ ወይም ደንብ ቁጥር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መክፈል ግድ ከሆነብዎትም ሕጋዊ ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይክፈሉ፤ ለወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ከዚያም ለፍርድ ቤት አቤት ለማለት የሚያስፈልግዎት ማስረጃ እሱ ነው።